ቦቴዋ ናት የቆመችው ወይስ ቆጣሪው?

ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ስሰቅል መቶ አለቃ ከሆንኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የክፍሉ ተሽከርካሪዎች በሙሉ በታርጋ ቁጥራቸው ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ፊት ባለ ቀለም ክብ ወረቀት አለ። አረንጓዴ ማለት ሰርቪሱ ገና ነው። ቢጫ ማለት 500 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ቀይ ከሆነ ቁልፉን ከሹፌሩ ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው።

በጦር ክፍል የመኪና ጥገና ያስተዳደረ ሰው ያውቀዋል፤ ከባዱ ነገር ዘይት መቀየሩ አይደለም። መኪናውን ከአዛዡ እጅ ማውጣቱ ነው። አንዱ «ነገ ግዳጅ አለብኝ» ይላል። ሌላው «ይቺን ሳምንት ብቻ ታገሰኝ» ይላል። የዚያች ሳምንት ዕድሜ ሦስት ወር ነው። ሰሌዳው ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ገላገለኝ። ቀይ ቀይ ነው፤ ክርክር የለም።

ሻለቃው ሰሌዳውን ወደዱት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዘውት ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ እሳቸው በዱላቸው እየጠቆሙ ያስረዳሉ። ቀለሞቹን ማታ ማታ በመቀስ የቆረጥኳቸው እኔ መሆኔን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እሱን እንተወው።

ያልወደዱት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የጥገናው ሃምሳ አለቃ። በማዕረግ ከእኔ በታች፣ በዕድሜ ግን ከአባቴ እኩል ስለሆኑ አንቱ ነበር የምላቸው። ሰሌዳውን መጀመሪያ ያዩ ቀን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። «ቀለሙ ጥሩ ነው» ብለው ወጡ። ይቺ ነገር ሳምንት ሙሉ ስትከነክነኝ ከረመች።

አንድ ማክሰኞ የውሃ ቦቴዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። የዘይት ግፊት መብራት ሲበራበት ሹፌሩ መንገድ ዳር አውጥቶ ወዲያው ሞተሩን አጥፍቷል። ሌላ ሹፌር ቢሆን «እዚሁ ቅርብ ነው» ብሎ እየነዳ ይመጣ ነበር፤ እኛም ብሮንዚናውን፣ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን ስስ ብረት፣ በእጃችን እናፍስ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ከሥር ገብተው የዘይቱን መክፈቻ ፈቱ። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ዘይት እየተለጠጠ ወረደ። በሁለት ጣታቸው አሽተው ለኔም ዘረጉልኝ። ነካሁት። ሬንጅ ነው። ካርተሩ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ሲወርድ ደግሞ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ግማሹ በጭቃ መሳይ ነገር ተደፍኗል። ሞተሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ መሳብ ግን አልቻለም።

«በሰሌዳው መሠረት ሰርቪሷ መቼ ነበር?» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

«ገና ናት» አልኩ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «41,872 ላይ ናት። ከ3,000 በላይ ይቀራታል።»

«ባለፈው ወርስ ስንት ላይ ነበረች?»

ደብተሬን ገለጥኩ። 41,872። አንድ ወር ወደ ኋላ ገለጥኩ። 41,872። ሌላ ገጽ መግለጥ አስፈራኝ።

«መቶ አለቃ» አሉ በዝግታ፣ «ቦቴዋ ናት የቆመችው ወይስ ቆጣሪው?»

ከሥር የነበረው መካኒክ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኛል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ከእኔ በታች ያለ ሰው ፈለግኩ። ወደ ሹፌሩ ዞርኩና ጮህኩበት። ቆጣሪ እንደሞተ እያየ ዝም ማለቱ፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አለማወቁ፣ ምን ያላልኩት አለ። አሥር የሚሆን ሰው ቆሞ ይሰማል።

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ነግሬዎታለሁ ጌታዬ።»

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

ድፍረት መሰለኝ። ሃምሳ አለቃው ግን ምንም ሳይሉ ወደ ስምሪት ክፍል ሄዱ። በአንድ ክላሰር ሙሉ የስምሪት ቅጽ ይዘው ተመለሱና ኮፈኑ ላይ ዘረጉት። ከታች፣ ማንም የማያነባት «አስተያየት» የምትባል መስመር አለች። አራት ወር ወደ ኋላ፦ «ቆጣሪ አይሠራም፣ ይታይልኝ።» በማግስቱ፦ «ቆጣሪ አይሠራም።» ከሁለት ሳምንት በኋላ፦ «ቆጣሪ አሁንም አይሠራም።» ወር ሲሞላው፦ «ቆጣሪ እንደተለመደው።» የቅርቦቹ ላይ ደግሞ «ቆጣሪ፦ ያውቁታል» ብቻ። በግራ በኩል ያጋደለ፣ ቁልቁል የሚወርድ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን የኔ ፊርማ አለ። ደግሞ ፊርማዬ ያምራል፤ ጅራቱ ረጅም ነው። አንዳንዱ ላይ ጅራቷ «አይሠራም» የሚለው ላይ አርፋለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው የነዳጅ ማደያውን መዝገብ አስመጡ። ሒሳቡን በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው የሠሩት። በአራት ወር 2,880 ሊትር ናፍጣ ወስዳለች። ሲሶውን ውሃ ለሚስበው ፓምፕ ቀነሱላት። የቀረውን 1,920 ሊትር በሦስት አባዙት፤ በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ናት። 5,760 መጣ። ቆጣሪው ሳይሞት የሄደችው 1,722 ሲደመርበት ወደ 7,500 ተጠጋ። ሰርቪሷ በ2,500 ኪሎ ሜትር ግድም አልፏል፤ ስድስት ወሩ ግን ገና ስለነበር በዚያ በኩልም አልያዝናትም።

«ይቺ ደግሞ የኪሎ ሜትሩ ብቻ ናት» አሉ። ቦቴ ውሃ ስትስብና ስታድል ቆማ ሞተሯ ይሠራል። ጎማው አልዞረም፣ ዘይቱ ግን እየተቃጠለ ነው። ቆጣሪው ደህና ቢሆን እንኳ ያን አይቆጥረውም። ጄኔሬተርን በሰዓት እየቆጠርን ሰርቪስ እናደርጋለን፤ ቆሞ የሚሠራ መኪናን ግን ጎማ ስላለው ብቻ በኪሎ ሜትር እንመዝነዋለን። ትምህርት ቤት ይህን አስተምረውኝ ነበር። ፈተናም ወጥቶ መልሼዋለሁ።

ሹፌሩን በማግስቱ ቢሮ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም ጌታዬ» አለኝ። ችግሩ ግን አለ። ስድቡ በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታው በሩ ተዘግቶ ነው። ያኔም ገብቶኛል፤ አላስተካከልኩትም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ከሬንጁ ዘይት ይልቅ እሱ ነው።

በወሩ ሪፖርት ላይ ነገሩ «የአንድ ቆጣሪ ብልሽት አጋጥሞ ተስተካክሏል» ተብሎ ታለፈ። ቦቴዋ ያለ ሥራ የተኛችባቸው ቀናት «በሰርቪስ ላይ» ተባሉ። ዝግጁነታችን ያው መቶ በመቶ ነው። ሻለቃው በስብሰባው ላይ ዕቅዱ እንከን እንደሌለው፣ ችግሩ የአፈጻጸም እንደነበረ አብራሩ። አፈጻጸም ሲሉ ወደ እኔ ነበር ያዩት።

እኔም ራሴን አስተካከልኩ። የነዳጁን መዝገብ በየወሩ መጨረሻ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ፓምፕ ላላቸው መኪናዎች በስምሪት ቅጹ ላይ የሞተር ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ተጨመረ። በሰልፍ ላይ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ አስተያየታችሁን አንድ በአንድ አነባለሁ» ብዬ አወጅኩ። እውነትም አነበብኩ። ፍሬን ይሳባል ያለውን አሳየሁ፤ ባትሪ ይደክማል ያለውን አስቀየርኩ።

ሁለት ወር ያህል።

አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰሌዳው ላይ፣ በቦቴዋ ረድፍ፣ አረንጓዴዋን ክብ ሸፍኖ አንድ የስምሪት ቅጽ በመርፌ ተሰክቷል። አስተያየት የምትለው መስመር ላይ «መኪናዋ ሌሊት ሌሊት ትዘፍናለች፤ ድምጿ ጥሩ ነው» ይላል። በግራ በኩል ያጋደለ፣ ቁልቁል የሚወርድ ጽሑፍ ነው። ከጎኑ ጅራተ ረጅሟ ፊርማዬ፣ ቀኑ የትናንት።

ለመንቀል እጄን ስዘረጋ በሩ ተከፈተ። ሻለቃው ናቸው፤ ሁለት እንግዶች ይዘዋል። እንደ ልማዴ ጥጌን ያዝኩ። እሳቸው ዱላቸውን አንስተው ስለ አረንጓዴው ማስረዳት ጀመሩ። አንደኛው እንግዳ ግን መነጽሩን አውጥቶ ወደ ቦቴዋ ረድፍ ጠጋ አለ።