ችካሉ የት ነው የሚመታው?

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ያመጣችልኝ ካሜራ ሪኮ ጂአር 3 ይባላል። ባትሪና ካርዱ ገብቶበት 257 ግራም ነው፤ ሩብ ኪሎ ቡና በሉት። ሱሪ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሌንሱ አይነቀልም፣ ዙም የለውም፤ ማቅረብ የፈለገ ሰው በእግሩ ሄዶ ይቀርባል። ስትሰጠኝም «በቃ፣ ኪስህ ከተህ መሄድ ነው፤ ሌላ ምንም አይፈልግም» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ሌላ ምንም የማይፈልግ ዕቃ እጄ ሲገባ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሁለት ቅዳሜ ፒያሳና መገናኛ ስዞር ዋልኩ። መጀመሪያ ደረቴ ድረስ የሚቆም ትራይፖድ ገዛሁ። ካሜራው ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር እንዳለው ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሌንሱ ፊት የሚታሰር 49 ሚሊሜትር ፊልተር። ለካ ፊልተሩን ለማሰር ለብቻው የሚሸጥ አስማሚ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ቀለበቱ የለኝም፣ ፊልተሩ አሁን ቤታችን የስኒ ማስቀመጫ ነው። ከካሜራው የሚበልጥ ፍላሽም አለ፤ ስለሱ ባናወራ ይሻላል። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ኪስ ያለው ሰደርያ። ካኪውን ፈልጌ ነበር፤ በእኔ ልክ የተገኘው ብርቱካናማው ብቻ ሆነ።

ባለሱቁ ሒሳብ እየደመረ «ትርፍ ባትሪስ አልጨምርልህም?» ሲለኝ «ምን ያደርግልኛል፣ አንዱ ይበቃል» አልኩት። ካሜራው በአንድ ሙሉ ቻርጅ ወደ 200 ፎቶ ነው የሚያነሳው። ማን ነው በአንድ ቀን 200 ፎቶ የሚያነሳው ብዬ ነው። እኔ ነኝ፤ በዋዜማው የጎረቤትን አውራ ዶሮ ብቻ ስድሳ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማታውን መብራት ጠፋ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ከብሎካችን ጀርባ ትንሽ እንደተሄደ የጤፍ ማሳ ይጀምራል። ጥቅምት ነበር፣ ጤፉ ወርቅ መስሎ ተኝቷል፣ ፀሐይ ደግሞ በየረር ተራራ በኩል ነው የምትወጣው። እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ትራይፖዱን ተሸክሜ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱን የወንድሜን ልጅ አስከትዬ ወጣሁ። እሱ ረጅም ዘንግ ይዟል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚመልስ ብርማ ሸራ ይታሰራል ተብሎ ነበር የተገዛው፤ ሸራውን ቤት ረስተነዋል። ቢሆንም «ዘንጉን ይዘህ እዚያ አጥሩ ጋ ቁም፣ የምስሉን ልክ ልይበት» አልኩት።

እስቲ አሁን ከሩቅ ሆናችሁ እዩኝ። ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ባለሦስት እግር መሣሪያ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጣጥር ሰውዬ። ሃምሳ ሜትር ርቆ ዘንግ አቁሞ የሚጠብቅ ልጅ። ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ ይጮሃል፦ «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ እዚያ ጋ!»

የመጀመሪያው የቆርቆሮ በር ሲከፈት ልብ አላልኩም። አራተኛው ሲከፈት ቀና አልኩ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል።

«እንደምን አደርክ ልጄ። መንገዱ በየት ነው የሚያልፈው?»

«የቱ መንገድ አባቴ?»

«ግዴለም፣ ከኛ አትደብቀን። ችካሉ የት ነው የሚመታው?»

መልስ ሳልሰጥ አንዲት እናት በነጠላቸው የላስቲክ ከረጢት ሸፍነው እየሮጡ ደረሱ። ከረጢቱ ውስጥ ካርታቸው አለ። «እኛ ሰነድ አልባ አይደለንም! ይኸው ማኅተሙ፣ እየው!» ከጎናቸው አንድ ጎልማሳ ክንዴን ያዝ አድርጎ ፈቀቅ አደረገኝና በሹክሹክታ «ኢንጂነር፣ ሁለት ሜትር ብቻ ወደ ማሳው ገፋ ብታደርገው፣ ቤቱን አይነካም እኮ» አለኝ። ኢንጂነር! ሰፈር ውስጥ በሙሉ ስሜ እንኳ የሚጠራኝ የለም። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኛል። ገፋ ላድርግለት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ ዘንጉን እንዳቆመ ነው። ልጆች ከበው «እዚህ ጋ ይፈርሳል?» ሲሉት «አጎቴ ነው የሚያውቀው» ይላቸዋል። ይሄ ልጅ አንድ ቀን ያሳስረኛል።

«ኧረ ፎቶ አንሺ ነኝ!» አልኩ። ማን ይመን! ትራይፖዱ ራስ ላይ የተቀመጠችውን ካሜራ ፈትቼ በመዳፌ ላይ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ካሜራዋን አዩ፣ ሦስቱን እግሮች አዩ፣ እንደገና ካሜራዋን አዩ። «ለዚች? ለዚች ይኼ ሁሉ እግር?»

እውነታቸውን ነው። የምለው የለኝም።

«ያነሳሁትን ላሳያችሁ» ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። የአውራ ዶሮው ጭራ ብልጭ አለና ስክሪኑ ጠቆረ። ባትሪ አለቀ። ሁለት ሜትር የጠየቀኝ ጎልማሳ «አያችሁ፣ አጠፋው!» አለ። በአሥራ ሁለቱም ኪሶች ገባሁ። ፍላሽ አለ፣ የፍላሽ ባትሪ አለ፣ የፊልተር ባዶ ካርቶን አለ፣ ትናንት የተረፈ ቆሎ አለ። የካሜራ ባትሪ የለም።

ያወጣችኝ የካርታዋ እናት ልጅ ናት። ስልኳን የምትሞላበት ፓወር ባንክ ነበራት፤ ካሜራው በታይፕ ሲ ገመድ ይሞላል፣ ገመዷ ልክ ሆነ። እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ያህል አጥር ሥር አስቀመጡኝ። እስረኛ ልሁን እንግዳ እስካሁን አልለየልኝም፤ ቡና ግን ቀርቦልኛል፣ ቆሎውን እኔ አዋጣሁ። ካሜራው ሲነሳ አንድ በአንድ አሳየኋቸው፦ ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ፣ ጤፍ፣ የረር፣ የወንድሜ ልጅ ከነዘንጉ። ሽማግሌው ስቀው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው እኛንም አንሳና» አሉ። እናትየዋ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ዘርግተው ነው የተነሱት፤ ማኅተሙ እንዲታይ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

በሳምንቱ ፎቶዎቹን አሳጥቤ ሄድኩ። ትርፍ ባትሪ በኪሴ፣ ካሜራው በእጅ ማሰሪያ አንጓዬ ላይ፣ ሌላ ምንም አልያዝኩም። ትራይፖዱ ላይ እናቴ በርበሬ የተሰጣበት ሰፌድ አስቀምጣበታለች፤ ዶሮ አይደርስበትም ብላ ወዳዋለች።

ገና ከሩቅ አንድ ሕፃን አየኝና ወደ ግቢው እየሮጠ «ቀያሹ መጣ!» ብሎ ጮኸ። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። ፀጉሩን ያላበጠረ አንድም ሰው አልነበረም።