የሰፈሩ ወሬና የጀሶው ምልክት

ደሴ፣ ዓርብ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታላቅ እህቴ ዓርብ ዓርብ ማታ ከጅዳ ትደውላለች። ዓርብ ከሥራ የምታርፍበት ቀን ነው፤ የጅዳና የደሴ ሰዓትም አንድ በመሆኑ ለመገናኘት ማስላት አያስፈልገንም፤ እዚህ የመግሪብ አዛን ከተሰማ ጥቂት ቆይቶ በስልኳ ውስጥ የዚያኛው አገር አዛን ይሰማኛል። የእናታችንን ጤናና የልጇን ትምህርት ከጠየቀች በኋላ ሳትለው የማትቀረው አንድ ነገር አለ፤ «በል የሰፈሩን ወሬ ንገረኝ» ትላለች። የቅሬያችን ጸሐፊ በመሆኔ ከእኔ የተሻለ የሰፈር ወሬ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ታምናለች። በዚህ ክረምት ግን ይህን እምነቷን የሚያጎድል ነገር ሠርቻለሁና ሳልረሳው እዚህ ላስፍረው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው፤ ቀባሪው አንድ ሆኖ መቃብሩ ብቻ ይለያያል። የእኔ ሥራ መዝገብ መያዝ ነው፤ ማን መዋጮውን እንደ ከፈለ፣ ማን ከቀብር እንደ ቀረ፣ ስንት ወንበርና ስንት ድስት ለማን ቤት እንደ ወጣ እጽፋለሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ድንኳኑንና ዕቃውን እንደ አዲስ ያሟላነው ብር በብር ላይ እያጠራቀምን ስለሆነ በዕቃው ጉዳይ ቀልድ አናውቅም፤ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሳይመለስ ቢያድር የቅሬው ዳኛ ራሳቸው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ጥሩንባ ነፊያችን ዛሬም ሌሊት ይወጣሉ፤ ነገር ግን ወጣቶቹ ወሬውን በቴሌግራም ቀድመው ስለሚያወጡት ሽማግሌው «እናንተ ካወጃችሁት እኔ በዚህ ብርድ ምን ልነፋ ወጣሁ?» እያሉ ያኮርፋሉ። እውነታቸውን ነው።

ክረምት ሲገባ የዚህ መዝገብ መልክ ይለወጣል። ቀበሌው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት መርሐ ግብሩን በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ለየቅሬውም ስንት ሰው እንደምናወጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይደርሰናል። ዘንድሮ የተለጠፈው ችግኝ ተከላ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ደም ልገሳ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገና፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠረጋና የሰፈሮች የእግር ኳስ ውድድር ነበር። ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ቢለጠፍም በሳምንቱ እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን አፍስሶታል። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጥን በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና እንደ እንግዳ በር ላይ ሳይቆም ቤት ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ፣ ከእርሱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ያለነው እኛ በካፖርት ላይ ጋቢ እንደርባለን።

በዚህ ክረምት ለእህቴ ያወራኋት ይህን ይህን ነበር። ጦሳ ላይ ስለተከልነው ጽድና ወይራ ነገርኳት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ተከላ የሌለበት ክረምት አላየንም፤ እኔም በየዓመቱ እወጣለሁ። አምና የቆፈርኩትን ጉድጓድ ዘንድሮ ደግሜ መቆፈሬን ግን አልነገርኳትም። አምና ያጠርንለት ችግኝ ከነአጥሩ ጠፍቷል፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ባሕር ዛፍ ደግሞ ተራራውን እንደ ያዘ ነው። ልጇ ጠዋት ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሄድና ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡ ልጆች ሒሳብ እንደሚያስተምሩት ነገርኳት፤ በመስከረም ስምንተኛ ክፍል ስለሚገባና ክልል አቀፍ ፈተናው ስለሚጠብቀው በዚህ በጣም ተደሰተች።

አብዝቼ ያወራኋት ግን ቅዳሜ ነሐሴ 10 ስለጠገንነው ቤት ነው። በላይኛው ቅያስ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ቤታቸው ስንገባ መሬቱ ላይ ሦስት ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድረው ጠብታ ይቀበሉ ነበር፤ እርሳቸው አልጋቸውን ጠብታ ወደሌለበት ጥግ ሲገፉ ሲገፉ ከምድጃው ጋር አገናኝተውታል። ጣሪያውን ስናነሳ የስንት ዓመት ጥላሸት እንደ ላባ ወረደብን። በአሮጌው ቆርቆሮ ላይ ከእያንዳንዱ ሚስማር ሥር ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የለስላሳ ቆርኪ ገብቶ ነበር። ወጣቶቹ ቆርኪውን ከሚስማሩ ጋር እየነቀሉ ሲጥሉ እማማ ከግቢው ጭቃ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቤቱን ሲከድኑ ቆርኪውን ከየሻይ ቤቱ የለቀሙት እርሳቸው ራሳቸው ኖረዋል። አናጺው ዛሬ ጎማ ያለው ሚስማር ስላለ ቆርኪ እንደማያስፈልግ በትሕትና ቢያስረዱም እማማ «ጎማው ሲበሰብስ እናንተ ትመጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስ አልተገኘም። በመጨረሻ ከበሩ በላይ ያለው አንድ ረድፍ በቆርኪ እንዲመታ ተስማማን፤ እማማም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆርኪውን እየወለወሉ ለአናጺው ያቀብሉ ጀመር።

ምሳውን በተመለከተ ለእህቴ የነገርኳት ነገር እስካሁን ያስቃታል። በሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ስለሚለያይ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሁለት አራጅ ይፈለጋል፤ ጭልፋው እንዳይቀላቀል የሚጠብቅ ሰው ይመደባል። ዘንድሮ ቀኑ በፍልሰታ ጾም ላይ ስለዋለ አንድ ትልቅ ድስት ሽሮና ጎመን ብቻ ተሠራ፤ ሐጂውም ቄሱም ከአንድ ትሪ በሉ። የቅሬው ዳኛ ይህን ሲያዩ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አነሡ፤ የአዳራሹ ስም የወጣው ግብሩ ማንንም ስለማይጠየፍ ነው ተብሎ ይነገራልና፣ «ንጉሡ በስንት ሰንጋ ያደረጉትን እኛ በሽሮ አደረግነው» አሉ።

ቡሄም ደኅና አለፈ። ሆያ ሆዬ ከሚጨፍሩት ልጆች ግማሾቹ የሐጂዎች ልጆች ነበሩ፤ ጅራፉ ረጥቦ አልጮህ ቢላቸውም ሙልሙሉን ግን ጠግበው በሉ። በእግር ኳሱ ሰፈራችን ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት መውሊድ ነው። የጨረቃው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር መውሊድ ወደ ክረምቱ እየገባ መጥቷል፤ በ2016 ከደመራ ጋር በአንድ ቀን ውሎ ችቦና መንዙማ በአንድ ምሽት እንዳየን አስታውሳለሁ።

ለእህቴ ያልነገርኳት ሌላ ነው።

ቦይ ጠረጋው የተያዘው ለቅዳሜ ሐምሌ 5 ነበር። 40 ሰው ተመዝግቦ የመጣው ሰባት ነው፤ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ እንደ ገመድ ይወርድ ነበር። ሰባታችን ከታችኛው መንገድ ጀምረን የላስቲክ ጠርሙሱን፣ የፌስታሉን ክምርና የበሰበሰውን ጨርቅ እያወጣን እስከ ድልድዩ ደረስን፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም በእናታችን ቤት ጀርባ የሚያልፈውን፣ ለሌላ ቀን አልንና ተበታተንን። ማታ መዝገቡን ስከፍት ቀበሌው ሪፖርት በሰኞ ይፈልግ ስለነበር በረድፉ ላይ «ተከናውኗል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት። እንደዚያ ስትጻፍ ሌላ ቀን የተባለው ቀን አብሮ ተሰረዘ፤ የተከናወነ ሥራ ማን ይመለስበታል?

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በጎድጓዳ ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቁልቁለታችን ከተራራው ተንከባልሎ የወረደ ልቅ ድንጋይና ሸክላማ አፈር የተደራረበበት ነው፤ ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ይላላል፤ ከዚያም ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። ቤት ለመሥራት ተዳፋቱን ከግርጌው የቆረጥን እንደሆነ ደግሞ አፈሩ የተደገፈበትን ነገር በገዛ እጃችን ወሰድንበት ማለት ነው። አባታችን ቤቱን ሲሠሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የተሠራው። ስለዚህ ለእኛ ቦይ ማለት ውሃው አፈር ውስጥ ሳይሰርግ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ሲደፈን ውሃው መሄዱን አያቆምም፤ መንገድ ብቻ ይቀይራል።

ሰኞ ሐምሌ 28 ጠዋት እናቴ «ይህ ግድግዳ ድሮም እንዲህ ነበር?» ብላ ጠራችኝ። በጓዳው በኩል ባለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ጣቴ የማይገባበት ግን የስለት ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ ነበር። አንድ የማውቀው የግንባታ ባለሙያ መጥቶ ካየው በኋላ ሁለት ባሕር ዛፍ አስደግፎ ጀሶ በጥብጦ በስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ እንደ ፕላስተር ለጠፈ፤ በእያንዳንዱም ላይ «ነሐሴ 3» ብሎ በእርሳስ ጻፈ። ጀሶ ስለማይለጠጥ ግድግዳው በጥቂቱ እንኳ ቢንቀሳቀስ እርሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ ቆሟል ማለት ነው። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ግንብ እንዲሠራልን ማመልከቻ አስገባሁ፤ «በመርሐ ግብር ይያዛል» የሚል መልስ አገኘሁ። ይህን መልስ ለመናቅ ሞራል አልነበረኝም፤ እኔም እንዲህ ያለ ቋንቋ የምጽፍ ሰው ነኝና።

ለእህቴ ግን ስለ ቆርኪው አወራኋት፤ ስለ ሽሮው አወራኋት። ሰው አገር ሆና በምትልከው ገንዘብ የተለሰነ ግድግዳ ተሰነጠቀ ብዬ ምን ላስጨንቃት ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ይህ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ነሐሴ 16 ስትደውል ሰላምታ አልነበረም። ሪያድ ያለች የሰፈራችን ልጅ እናቷ ድጋፉን አይታ ነግራት፣ እርሷ ደግሞ ለእህቴ አድርሳለች።

«የሰው ቤት ጣሪያ ሚስማሩን ቆጥረህ ትነግረኛለህ፤ የእናቴን ግድግዳ ከሪያድ ልስማ?» አለችኝ።

«እታለም፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አልኳት።

«እኔ ወሬ የምጠይቅህ ልዝናና ነው እንዴ? ቦዩስ ተጠርጓል?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰባት ሰው መምጣታችንን፣ ድልድዩ ላይ ማቆማችንን፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን። እህቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «በል አሁኑኑ ለቅሬው ዳኛ ደውል፤ ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

የቅሬው ዳኛ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ ያ የባሰ ነበር። መዝገቡን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝና በፊታቸው ቃሉን ሰርዤ «ከድልድዩ በላይ አልተጠረገም» ብዬ እንድጽፍና እንድፈርምበት አደረጉ። ቴሌግራሙን ይተዉት አሉና ጥሩንባ ነፊውን አስጠሩ። ሽማግሌው በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት በጉሙ ውስጥ እየዞሩ እንደ ለቅሶ ነፉት፤ ሰው ሁሉ ማን ሞተ እያለ በየበሩ ወጣ፤ የሞተ ሰው እንደሌለ ሲሰማ ግማሹ ቢበሳጭም አካፋውን ይዞ መጣ። ሴቶቹ ቡናና ንፍሮ አወጡ። እስከ ቀትር ድረስ ከእናታችን ቤት ጀርባ እስከ ላይኛው ቅያስ ያለው ቦይ ተከፈተ፤ ያወጣነው ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የበሰበሰ ፍራሽም ነበረበት፤ የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀን ማንም አልተናገረም። እማማ በአዲሱ ጣሪያቸው ሥር ቆመው ይመለከቱን ነበር።

ዛሬ ማታ ስትደውል ስለ እናታችን ጤና እንኳ ሳትጠይቅ «ጀሶውስ?» አለች። ሁለቱ እንዳሉ ናቸው፤ ከታች ያለው ሦስተኛው ግን ማክሰኞ ጠዋት እንደ ጸጉር ቀጥኖ ተሰንጥቆ አገኘነው፤ ባለሙያው በአጠገቡ አዲስ ለጥፎ «ነሐሴ 20» ብሎ ጽፎበታል። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ልታየው ስለፈለገች ልጇ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ባትሪ ይዞ ወደ ጓዳው በኩል ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የሚነጋገሩት አይሰማኝም ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ብርሃኑ ከአንደኛው ምልክት ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ አዲሱ ሲሄድና እዚያው ሲቆም ብቻ አየሁ።