«ዝናብ ዘነበ እንዴ?»

የካቲት ነበር። ባሕር ዳር ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። የጣናን ከፍታ የሚያነቡልን ጋሼ ለቅሶ ሄደው ተራው እኔ ላይ ወደቀ። ሥራው ቀላል ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ዳር ላይ የተተከለውን ጌጅ (የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ባለ ቁጥር መለኪያ) አይቶ መጻፍ። ትጉህ ልባል ብዬ 10 ሰዓት ላይም ሄድኩ።

ከጠዋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል! በበጋ፣ ሐይቁ በየቀኑ እየወረደ ባለበት ወቅት።

ካልኩሌተር አወጣሁ። ጣና ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በ5 ሴንቲ ሲባዛ 150 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ። ከየት መጣ ሳልል «ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ያሉት የግድቡ በሮች ተዘግተው ይሆናል» የሚል ግምት ጨምሬ ሪፖርቱን ላክሁ።

አለቃዬ ጠራችኝ። «ከጣና በዓመት የሚወጣው ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ለ365 አካፍለው።» አካፈልኩ፤ በቀን 11 ሚሊዮን ገደማ። ሁሉንም በር ብዘጋ እንኳ 5 ሴንቲ ለመሙላት ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። አፈርኩ።

በማግስቱ ጋሼ ተመለሱ። ደብተሩን አይተው «ትናንት ነፋስ አልነበረም?» አሉ። ነበር እንጂ! ወረቀቴን ሲበትንብኝ ነው የዋለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከውሃው ይልቅ ምድሩን ቶሎ ስለምታሞቅ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። የላዩን ውሃ ይዞ ይመጣል። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው በታች በኩል እንደልቡ አይመለስም። ስለዚህ እኛ ጋ፣ በደቡቡ ዳር፣ ይከማቻል፤ በሰሜኑ ዳር፣ ጎርጎራ በኩል፣ ይጎድላል። የጨመረ ጠብታ የለም፤ ትሪው ነው ያዘነበለው። ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ለሰዓታት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ጋሼ ከደንገሉ ጀርባ ወዳለች ኩሬ ወሰዱኝ። ከሐይቁ ጋር የምትገናኘው በጠባብ አፍ ብቻ ነው። ሐይቁ ሲነሳ እሷ ዘግይታ፣ ያውም ትንሽ ብቻ ትነሳለች። አለቃዬ እንደነገረችኝ በውቅያኖስ ዳር ያሉ ላጉኖችም (ከባሕሩ ጋር በጠባብ አፍ የሚገናኙ ኩሬ መሰል ውሃዎች) እንዲሁ ናቸው፤ ጨረቃ የምታመጣው የባሕር ሙላት በጠባቡ በር ሲገባ ጉልበቱ ይሰበራል። ነፋስ ግን በር አያስፈልገውም፤ ውስጥ ያለውን ውሃ እዚያው ያዘነብለዋል።

ሪፖርቱን ደግሜ ጻፍኩ። ጋሼ ግን ዛሬም ወደ ጌጁ ስሄድ ካዩኝ ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ «ዝናብ ዘነበ እንዴ?» ይሉኛል።