ጉራማይሌ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ስልኬን ላሠራ ገባሁ። ለሠሪው ልጅ «ስክሪኑ ፍሪዝ ያደርጋል፣ ሪስታርት ሳደርገው ደግሞ ቻርጅ አይዝም» እያልኩ አስረዳለሁ። አጠገቤ ባትሪ እስኪቀየርላቸው የሚጠብቁ እማማ ከት ብለው ሳቁ።

«ኧረግ ልጄ! አፍህ ጉራማይሌ ሆነሳ!»

ቃሉን ስንቴ ተጠቅሜበታለሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ ለሚያደባልቅ ሰው፣ አንዱ ግድግዳው ሰማያዊ ሌላው ቢጫ ለሆነ ቤት። እስከ ዛሬ ግን «ጉራ» የሚል ስላለበት ከጉረኛ ጋር የሚዛመድ ይመስለኝ ነበር (አትሳቁ)።

እማማ አላብራሩልኝም፤ አሳዩኝ። የላይ ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ድዳቸው ተነቅሷል፤ ግን ሙሉውን አይደለም። ከአንዱ ጥርስ በላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ያለው እንደተፈጠረ ቀይ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር። ተራ በተራ።

«ጉራማይሌ ይኸ ነው» አሉ። «ሙሉውን የተነቀሰችማ ሌላ ናት።»

በልጅነታቸው ነው። በመርፌ እየተወጉ፣ ጥላሸት እየተቀባባቸው። ለቀናት እህል አልቀመስሁም አሉ። ሲያወሩት ግን ኩራት እንጂ ምሬት አልነበረባቸውም።

ሰው የምንነቅፍበት ቃል ለካ የጌጥ ስም ኖሯል! ነጭና ቀዩ የተቀላቀለውን ጤፍ ሰርገኛ እንለዋለን፤ ስሙ ራሱ ድግስ ድግስ ይላል። ቋንቋ ሲቀላቀል ግን ፊታችንን እናጠቁራለን።

ልጁ ስልኬን ነካክቶ ቀና አለ። «ሶፍትዌሩ ኮራፕት አድርጓል፤ ፍላሽ ይፈልጋል።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው እንደገና ሳቁ።