ለእጅ የሚስማማ ማውስ፣ ለማውስ የሚስማማ ጠረጴዛ

ማውስ ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሰው በብዛት የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ሽቦ አልባ መሆን አለመሆኑንና ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። የሚይዘው እጅ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጠረጴዛው ላይ የት እንደሚቀመጥ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራበት የሚጠይቅ ገዢም ሻጭም እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ የመጻሕፍትና የመጽሔት ገጾችን በማቀናበር የምተዳደር ነኝ፤ ከሥራ ቀኔ አብዛኛው የሚያልፈው ቀኝ እጄ ማውስ ላይ እንዳረፈ ስለሆነ ነገሩን አቅልዬ ማየት አልችልም። የማውስ ምቾት ከዕቃው ውድነት ይልቅ ከእጃችን መጠን ጋር በመስማማቱና ጠረጴዛው ላይ በምንሰጠው ቦታ እንደሚወሰን አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

ክንዳችንን ዘና አድርገን ከጎናችን ስንለቀው መዳፋችን ወደ ጭናችን ይዞራል፣ አውራ ጣታችንም ወደ ፊት ይሆናል። የተለመደው ጠፍጣፋ ማውስ ግን መዳፋችን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች እንዲገለበጥ ይጠይቃል፤ ለዚህም ከክርን እስከ አንጓ ያሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ መሻገር ይኖርባቸዋል። ለአፍታ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ክንዱን በዚያ ሁኔታ የሚይዙት ጡንቻዎች እረፍት ያጣሉ። በዚህ ላይ ጠረጴዛው ከፍ ያለ ከሆነ አንጓው ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ማውሱ ከሰውነታችን ርቆ ሲቀመጥ ደግሞ እጃችን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይጣመማል።

በአንጓችን ውስጥ፣ በአጥንቶቹና ከላያቸው እንደ መቀነት በተጋደመ ጠንካራ ጅማት መካከል፣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጣበው ያልፋሉ። አንጓው ታጥፎ ሲቆይ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ነርቩ በተጫነ ጊዜ አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት አንድ ጎን ይደነዝዛሉ። ይህን ሕመም ማውስ ብቻውን ያመጣዋል ማለቴ አይደለም፤ እርግዝና፣ የስኳር በሽታና የታይሮይድ ችግርም ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ድንዛዜው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ዕቃ ከእጅ እየወደቀ ከሆነ ሌላ ማውስ ከመፈለግ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ወደ ዕቃው ስመለስ፣ ከሁሉ በፊት የማየው መጠኑን ነው። ለላፕቶፕ ቦርሳ ተብለው የሚሠሩት ትናንሽ ማውሶች ለመያዝ የቀለሉ ቢሆኑም፣ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ሲይዛቸው መዳፉ የሚያርፍበት ስለሚያጣ ጣቶቹ ተቆልምመው በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ። በተቃራኒው ትንሽ እጅ በትልቅ ማውስ ላይ ሲሆን ጣቶቹ አዝራሩ ላይ ለመድረስ ይለጠጣሉ፤ ጎማውን ለማሽከርከርም መዳፍን በየጊዜው ማንሳት ግድ ይሆናል። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው፦ መዳፌን አሳርፌ፣ አንጓዬን ሳላንቀሳቅስ፣ አመልካች ጣቴ አዝራሩን በጫፉ ሥጋ ተጭኖ ጎማው ላይም መድረስ መቻል አለበት። ከዚያም በአውራ ጣትና በቀለበት ጣት ጎንና ጎኑን ይዤ ጥቂት አነሳዋለሁ፤ ላለመጣል አጥብቄ መጭመቅ ካስፈለገኝ ወይ ጎኑ ያንሸራትታል፣ ወይ ለእጄ ከብዷል ማለት ነው። ከ100 ግራም በታች የሆኑ ማውሶች በርካታ ናቸው፤ ከ140 ግራም የሚያልፉም አሉ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ጠረጴዛው ጠቦ ማውሱን ደጋግሞ ማንሳት ሲያስፈልግ ግን እጅ በደንብ ይለየዋል።

የማውስ ታሪክም ራሱ ቅርጽ ለእጅ መገዛት እንዳለበት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበውንና ቢል ኢንግሊሽ በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሠራውን የመጀመሪያ ማውስ ብንመለከት፣ ሁለት የብረት ጎማዎች የተገጠሙለት የእንጨት ሳጥን ነበር። ሽቦው መጀመሪያ በኋላ በኩል፣ ወደ ተጠቃሚው ክንድ ይወጣ ስለነበር አስቸግሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፊት ተዛወረ። አፕል በ1998 ከአይማክ ኮምፒውተር ጋር ያወጣው ማውስ ግን ይህን ትምህርት የዘነጋ ነበር። ማውሱ ፍጹም ክብ ነበር፤ ክብ ነገር ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። ዓይኑን ከስክሪን ሳያነሳ እጁን የሰደደ ሰው በመዳሰስ ብቻ አቅጣጫውን ማወቅ ስለማይችል፣ ወደ ላይ ሲገፋው ጠቋሚው ወደ ጎን ያመልጥበት ነበር። ኩባንያው በ2000 በሞላላ ማውስ ተካው። ዛሬም ያው ኩባንያ የሚሸጠው ማጂክ ማውስ ለዓይን የሚያምር ቢሆንም፣ እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ መዳፍ የሚደገፍበት ጉብታ የለውም፤ ከ2015 ጀምሮ ቻርጅ የሚደረገውም በሆዱ በኩል ስለሆነ ቻርጅ እየተደረገ ሊሠራበት አይቻልም። ከዚህ ሁሉ ለሰው እጅ እውነተኛ ጥቅም ያመጣው ማይክሮሶፍት በ1996 ባወጣው ኢንተሊማውስ በስፋት የተለመደው መሃል ላይ ያለው ጎማ ይመስለኛል፤ ገጽ ለማውረድ ጠቋሚውን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ እየወሰዱ ቀጭኗን መስመር መጎተት በእርሱ ቀርቷል።

ይሁንና ምርጡ ማውስ እንኳ በመጥፎ ጠረጴዛ ላይ ይበላሻል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ከጠረጴዛው ሥር እንደ መሳቢያ የሚወጣ የኪቦርድ ማስቀመጫ አለ፤ ማስቀመጫው የተለካው ለኪቦርዱ ብቻ ስለሆነ ማውሱ ከላይ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ግራ እጁን ዝቅ፣ ቀኝ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይውላል፤ ማታ አንገቱንና ትከሻውን ሲያመው ወንበሩን ይወቅሳል። ሁለቱም በአንድ ከፍታ፣ ጎን ለጎን፣ ክርን ከጎን ሳይርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ በሚታጠፍበት ቦታ መሆን አለባቸው። የኪቦርዱ የቁጥር ክፍልም ሌላው ችግር ነው፤ በስተቀኝ ተቀምጦ ማውሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ክንድም ተከትሎት ይዘረጋል። ለሒሳብ ባለሙያ የቁጥር ክፍሉ የግድ ነው፤ እንደ እኔ ጽሑፍና ሥዕል ለሚያቀናብር ሰው ግን የቁጥር ክፍል የሌለው አጭር ኪቦርድ ትልቅ እፎይታ ነው። አጭር ኪቦርድ ያላገኘ ሰው የፊደሎቹ ክፍል መሃል ከደረቱ ትይዩ እንዲሆን ኪቦርዱን ወደ ግራ ከመግፋት ይልቅ ወደ ቀኝ መሳብ ይቀናዋል፤ ይህ ማውሱን ይብስ ያርቀዋልና ለእርሱ ማውሱን በግራ እጅ መልመድ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእኛ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ጠረጴዛ ላይ መስታወት ይነጠፋል፣ ከሥሩም የቀን መቁጠሪያ፣ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝርና ፎቶግራፍ ይቀመጣል። የዛሬው ማውስ ከሆዱ ብርሃን እያበራ የተቀመጠበትን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ ያነሳል፤ አንዱን ምስል ከሌላው ጋር በማነጻጸርም ወዴትና ምን ያህል እንደሄደ ያሰላል። ጥርት ያለ መስታወት ግን የሚነጻጸር ሸካራ ምልክት የለውም። ባለ ሁለት ዓምድ ገጽ ላይ የፎቶ ሳጥን ከዓምዱ ጠርዝ ጋር ለማስማማት ስሞክር፣ ጠቋሚው መጀመሪያ ደርቆ ይቆማል፣ ቀጥሎ በድንገት ይዘላል፣ ሳጥኑም ከዓምዱ አልፎ በአጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ያተራምሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን እጅ ላይ የሚሆነው ነው፤ ጠቋሚው እንቢ ሲል ሰው ሳያስበው ማውሱን ወደ ታች ይጫናል፣ ጣቶቹን ያጠነክራል፣ ትንፋሹንም ይይዛል። መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ነው፤ ደህና የጨርቅ ማውስ ፓድ ወይም ለጊዜው አንድ ነጭ ወረቀት በማጣበቂያ ለጥፎ መሥራት ይበቃል። የፓዱ የአንጓ ትራስ ግን እምብዛም አይመቸኝም፤ ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ክብደት ተጭኖ መዋሉ አይበጅም፣ ለእረፍት ካልሆነ በቀር።

ቆሞ የሚያዘውን ማውስም ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ። ሎጂቴክ በ2018 ያወጣው ኤምኤክስ ቨርቲካል 57 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ሲሆን፣ እጅ ለሰላምታ እንደሚዘረጋው ሆኖ ያርፍበታል፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሊፍት የተባለው ለትንንሽና ለመካከለኛ እጆች ወጥቷል። የክንዴ የላይኛው ጡንቻ ከከሰዓት በኋላ ያሰማኝ የነበረው ድካም እንደቀነሰ በግልጽ አስተውያለሁ። ነገር ግን ጥቃቅን ሥራ ላይ ጉድለት አለው፤ አዝራሩ ከጎን ስለሚጫን ክሊክ ሲደረግ ማውሱ ራሱ ትንሽ ይሸሻል፣ እንቅስቃሴውም ከጣት ይልቅ ከክንድ ስለሚመጣ ሁለት ነጥብ ከአራት ነጥብ ለይቶ መምረጥ ያታክታል። ስለዚህ እርማት ሳነብና ደብዳቤ ስመልስ ቆሞ የሚያዘውን፣ ሥዕልና ሳጥን ሳስተካክል ጠፍጣፋውን እጠቀማለሁ። በሁለቱ መቀያየሩ ራሱ ለእጅ እረፍት ነው። በአውራ ጣት የሚሽከረከር ኳስ ያላቸውን ግን ለሁሉም አልመክርም፤ ክንዱ ያርፋል፣ ሸክሙ ግን ወደ አውራ ጣት ይዛወራል።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ማስተካከያም ብዙ ሰው አይነካውም። የጠቋሚው ፍጥነት ዝቅ ሲል ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ማውሱን እያነሱ መመለስ ያስፈልጋል፤ እጅግ ሲፈጥን ደግሞ ትንሿ አዝራር ላይ ለማሳረፍ ጣቶች ይገተራሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው፣ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱ ይጨምራል፣ በዒላማው ስፋት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው የምንሠራበት ስክሪን ስፋትና የምንነካቸው ነገሮች ትንሽነት ነው። ከሁሉ በላይ እጅ የሚያደክመው ግን አዝራር ተጭኖ መጎተት ነው፤ በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ ክሊክሎክ የሚባለው ሲበራ፣ አዝራሩን ለአፍታ ተጭኖ መልቀቅ ይበቃል፣ እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ተጭነነው ሁለቴ እንደተጫነ የሚቆጥር ማውስ ካለ ደግሞ ማስተካከያ አያድነውም፤ ውስጡ ያለችው ትንሿ ማብሪያ አልቃለችና ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ማስቀየር ይሻላል።

መሥሪያ ቤቶች ማውስ የሚገዙት በጅምላ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በዚህ ከሁሉ የሚጎዱት ግራኞች ናቸው፤ ለቀኝ መዳፍ ተቀርጾ የአውራ ጣት ጎድጓዳ ያለው ማውስ ለእነርሱ ፈጽሞ አይያዝም፣ በዊንዶውስ አዝራሮቹን ማቀያየር ቢቻልም ቅርጹ አይቀየርም። በግራ እጅ መሥራት ግን ከቁጥር ክፍሉ ስለሚያርቅ ለትከሻ የተሻለ ነው፤ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነ ተራ ማውስ ከገዙላቸው ይበቃቸዋል። የግዢ ክፍሎች ትዕዛዙን ሲያዘጋጁ ትልቅ፣ መካከለኛና ለሁለቱም እጅ የሚሆን ብለው ቢከፍሉት በዋጋው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የኮምፒውተር ዕቃ ሻጮችም ከያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ከማሸጊያው አውጥተው መደርደሪያ ላይ ቢያኖሩልን፣ ገዢው መዳፉን አሳርፎ፣ ጎማውን አዙሮ፣ አንስቶ ለመመዘን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።