ስመ ክርስትናዋን ታውቃላችሁ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ጎንደር ሽር ጉድ ላይ ናት። የፋሲል ባሕረ ጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣው ውኃ ሞልቷል። ነገ ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ይወርዳሉ። ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ያልፋል። ጥር 11 ሲነጋ ውኃው ይባረካል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግርግር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ዘሎ ይገባል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሳል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል። ስለ ድምቀቱ ብዙ ተብሏልና እኔ አልደግመውም።

የእኔ ዓይን የሚያርፈው ሃይላንዶቹ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል ባዶ ሃይላንድ ይዞ ትንሽ ለመቅዳት የሚታገል ሰው አይጠፋም። ለራሱ አይደለም፤ እሱማ ተረጭቷል። እግሯ አላራምድ ላላት እናት፣ ሆስፒታል ለተኛ ወንድም፣ ከሰው መገናኘት ለተወች ጎረቤት ነው። የዘንድሮ መልእክቴ ስለ እነዚህ፣ በዓሉ ቤታቸው ድረስ ካልሄደላቸው በቀር ስለማይደርሳቸው ሰዎች ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ የምናገኘው መፃጉዕ 38 ዓመት ታሞ የተኛው ከውኃው ዳር ነበር። ውኃው አልራቀበትም። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ግን ስለ በሽታው አላወራም። «ሰው የለኝም» አለ። ይህን ወንጌል በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት እንሰማዋለን፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ጥምቀት ሲመጣ ነው ትዝ የሚለኝ። ያን ያህል ሕዝብ ውኃ ዳር ተሰብስቦ ስንቱ ሰው የለኝም እያለ ይሆን?

«በጸሎት አስቡኝ» ሲሉን «እሺ፣ እግዜር ይማርሽ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ክፋት የለውም፤ ይረሳል እንጂ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያቺ ስልካችሁ ላይ «ማሚላ» ብላችሁ የመዘገባችኋት የልብ ጓደኛችሁ ስመ ክርስትናዋ ማን ነው? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጣት ስም። ካህኑ ሲጸልይላት «ማሚላ» አይልም መቼም። ወለተ ማን? ብዙዎቻችን የጓደኛችንን የደመወዝ መጠን እናውቃለን፣ ይህን ግን አናውቅም። ጠይቋት። ጥያቄው ራሱ ከልባችሁ ልትጸልዩላት እንዳሰባችሁ ይነግራታል።

ከዚያ ደግሞ ሂዱ። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጓደኞቹን «በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ» ብሏቸዋል። ከእርሱ የሚበልጥ ጸሎት የሚያውቅ ማን ነበር? ግን በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ እንዲሆኑ ፈለገ። እነሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኛን ደግሞ ስልክ ይወስደናል።

ሄደን ምን እንደምንል ይጨንቀናል። የኢዮብ ወዳጆች ስማቸው ቢጠፋም፣ መጀመሪያ ያደረጉት ግሩም ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው። እኛ ቡናው ሳይፈላ እንከፍታለን። «መተት ይሆናል»፣ «ምን በድለሽ ነው?»፣ «የእገሌም እንዲህ ጀምሮት ነበር፣ ሦስት ወርም አልቆየ»። እባካችሁ! «አባታችን ሆይ» በቂ ነው። ከቻላችሁ ውዳሴ ማርያም ድገሙ፣ ወይ ከዳዊት አንዱን መዝሙር ቀስ ብላችሁ አንብቡላት። እሷ መናገር ባትችል «አሜን» ትላለች። እሱም ካቃታት እናንተው በሉላት።

ስትወጡ ደግሞ «አንቺም ለእኔ ጸልይልኝ» በሏት፤ የእውነት የሚያስጨንቃችሁን ነገር ነግራችሁ። ኢዮብ ያጣው የተመለሰለት ለእነዚያው ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው። የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቀበል ይውላል፤ ሾርባ፣ መድኃኒት፣ ምክር። የሚሰጠው ነገር እንዳለው የሚነግረው የለም።

ጸለይን ማለት ደግሞ ሐኪም ተውን ማለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ ጸልይ ይልና ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ይላል። ጸበል ጠጥታ መድኃኒቷን እንድታቆም የሚመክር ወዳጅ ባይኖራት ይሻላል። ቤት ኪራይ ያስጨነቃትን ሴትም በጸሎት ብቻ አንሸኛት።

ፈውሱ ሳይመጣስ? ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም። የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ስለዚህ «ዘንድሮ ትድኛለሽ፣ አይቼልሻለሁ» እያላችሁ ቃል አትግቡ። ባልዳነች ቁጥር እምነቷ ያነሰ ይመስላታል፤ ከበሽታው ላይ ሌላ ሸክም ነው። በሚቀጥለው ወርም ተመልሶ መሄድ ይሻላል።

አንድ የምጠላው ነገር ልናገርና ልጨርስ። አልጋ ላይ ያለ ሰው ፎቶ ሳይፈቅድ አንስቶ «ጸልዩለት» ብሎ መለጠፍ። ስሙ ይበቃል፤ እግዚአብሔር ፎቶ አይጠይቅም።

እናንተም እንዲታሰቡላችሁ የምትፈልጓቸው ካሉ ስመ ክርስትናቸውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የበሽታውን ዓይነት አልጠይቅም። ጎንደር ያላችሁ ደግሞ፣ ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ ከተማው ረጋ ሲል ልሄድባቸው ያሰብኳቸው ቤቶች አሉ። አብራችሁኝ መሄድ የምትፈልጉ ደውሉልኝ።

መልካም በዓል!