1.8 ሰከንድ

ዛሬ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። እሁድ ነው፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ቤት አያስቀምጥም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ኳስ ልናይ የለመድናት ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ኳሱ እስኪጀምር ባለቤቱ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና ውድድር ከፍቷል። ድሮ ቢሆን "ቀይረው!" የሚል ጩኸት ቤቱን ያናውጠው ነበር። ዛሬ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እንዲያውም ከኋላችን ያሉት ልጆች ስለ ሾፌሩ ሃሚልተን ፌራሪ ቡድን መግባት የሚከራከሩት ልክ ስለ አርሰናል እንደሚከራከሩት ነው።

መቼ ነው ይሄ ነገር እኛ ሰፈር የደረሰው? ሊበርቲ ሚዲያ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ውድድሩን ከገዛው ወዲህ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ሾፌሮቹ ከውድድሩ ግቢ ቪዲዮ እንኳ እንደ ልባቸው አይለቁም ነበር። አሁን ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ኮንትራት ሊያልቅ ነው፣ ሁሉም በስልካችን ይገባል። ኔትፍሊክስም ጓዳቸውን ያሳየናል። ሰው አንዴ ሾፌሩን ከወደደ መኪናው ባይገባውም ቁጭ ብሎ ያያል።

ወንድሜ ግን ዓይኑ ሌላ ጋ ነው። እሱ የሚሠራው ጎሚስታ ቤት ነው። መኪናዋ ጎማ ልትቀይር ስትገባ ከወንበሩ ተነሳ። ከፊትና ከኋላ ክሪክ ገባላት፣ አራቱም ጎማ ወለቀ፣ አራቱም ገባ፣ ሄደች። "በየጎማው አንድ ብሎን ብቻ!" አለኝ። ማክላረን የሚባለው ቡድን በ2023 ኳታር ላይ በ1.8 ሰከንድ ቀይሯል ስለው እጁን አየ። ጥፍሩ ሥር የገባው ግሪስ በኦሞም አይለቅም። እናታችን እስከ ዛሬ ሥራውን ለሰው ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እዚያ እኮ ጎማ ቀያሪውን ዓለም ነው ቆሞ የሚያየው! ሆዴን ባር ባር አለው።

በዓመት 24 ውድድር አለ፣ አንዱም አፍሪካ ውስጥ አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1993 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ክያላሚ ላይ ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ሩዋንዳ አዘጋጃለሁ ብላ ስትጠይቅ የእኛው ጉዳይ ይመስል ደስ ብሎኝ ነበር። ብቻ ተመልካች ሆነን መቅረታችን ያንገበግበኛል።

ኳሱን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም። ባጃጅ ውስጥ ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "እነዚያን ጎማ ቀያሪዎች ከየት ነው የሚያመጧቸው?" አለኝ።

ምን ልበለው?